ለምንይችል ያልነገርነው

ባለፈው ሳምንት የጡረታ ወረቀቴን ኮፒ ለማስደረግ ገበያው አጠገብ ካለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የቤቱ ልጅ ኮምፒውተሯን ብታበራው ስክሪኑ እንደ ጥላሸት ጠቆረባት። ሳጥኑ ይጮሃል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። እኔ በሆዴ «ወይኔ ልጄን፣ ተቃጠለባት» አልኩ። እሷ ምንም አልመሰላትም። ማስቲካዋን እያኘከች ከኋላው ጎንበስ አለች፤ ሰማያዊ ጫፍ ያለውን ገመድ ነቀለችና ዝቅ ብሎ ካለ ሌላ ቀዳዳ ሰካችው። ስክሪኑ ቦግ አለ። «ምን ሆኖ ነው የኔ ልጅ?» አልኳት። «ምንም አልሆነ እማማ። ትናንት አዲስ የሥዕል ካርድ አስገብተንበት ነው። አዲስ ሲገባ አሮጌው ቀዳዳ አያሳይም፤ ገመዱን ወደ አዲሱ ማዞር ነው፣ አለቀ።» የምቀመጥበት ወንበር ለመንኳት። ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ፤ ጾም ስለነበርኩ አልጠጣሁትም፣ ፊቴን ብቻ አራስኩበት። ምንም አልሆነ! ስንት ዘመን ሙሉ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ስኖር፣ ለካ ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ የሆነው እዚሁ አሶሳ፣ ክልሉ ገና አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። ያኔ ከተማዋ ከተማ ልሁን እያለች የምትውተረተር ነበረች። ቢሮ የሚባለው ሁሉ ትናንት የሰው መኖሪያ ወይ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ግን ቀለሙ በቅጡ ያልደረቀ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። እኔ ከጎጃም፣ ከደጀን፣ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ስመጣ እናቴ «ለአንድ ዓመት ነው፣ ቶሎ ትመለሻለሽ» ብላ ነበር የሸኘችኝ። ያ አንድ ዓመት ይኸው ፀጉሬን አሸበተው። በሽልንግ ሳፋ ሙሉ ማንጎ ይገዛ ነበር፤ ሰው ሰልችቶት ለከብት ይሰጠዋል። ወንዶቹ ሠራተኞች ካኪ ሳፋሪያቸውን ተኩሰው በሸራ ጫማ ይለብሳሉ። የአገሬው ሴቶች ከሱዳን የመጣ ቶብ ተጠቅልለው ሲያልፉ ሽቷቸው ከእነሱ ኋላ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቢጫና ሐምራዊ በዚያ ቀይ አፈር ላይ እንዴት ያምር እንደነበር! ከሻይ ቤቶቹ የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ ዘፈን የማልወድ ሰው ብሆንም ያ እንደ ግመል አረማመድ ቀስ የሚለው ዜማ ቀዩን የከርከዴ ሻዬን ስጠጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ሻይ ቤቶቹ በነበሩበት ባንክ ቆሟል። ቀይ አፈሩም አስፋልት ለብሷል፤ ከቀሚስ ጠርዝ አለመልቀቁን የሚያውቅ የዘመኑ ልጅ የለም።

የምሠራበት ክፍል የልጆች መማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁበት ነበር። ኃላፊያችን አቶ ግዛው ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው አምባ ከሚባሉት የሰፈራ መንደሮች ባንዱ የኖሩ፣ ቀልደኛ፣ ሰው ወዳድ፣ ጥንቃቄያቸው ግን ከመጠን ትንሽ ያለፈ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ያለን አንድ ነው። ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከሳቸው በቀር ገመድ የሚነካ የለም፤ የአሶሳ መብረቅ ደግሞ የሚያሾፉበት አይደለምና ከሥራ መውጫ ላይ ገመዱን ሁሉ አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ ጧት እያንዳንዱን መልሰው በየቀዳዳው ይሰካሉ። «በዚህ አገር መብረቅ ከሰው ይልቅ ገመድ ይወዳል» ይላሉ። ባልደረቦቼ «ጋሼ ግዛው እኮ እንደ ታቦት ነው የሚያነሷትና የሚያስቀምጧት» ብለው ሲስቁ እኔ አማትብ ነበር፤ በታቦት አይቀለድም።

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው የመምህር ኢድሪስ መጽሐፍ ነው። መምህር ኢድሪስ የበርታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ የሚጠራ። የበርታ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው በመጀመሪያው ቀን በራሳቸው ቋንቋ የሚያነቡት መጽሐፍ እንዲኖራቸው ብሎ ለዓመታት በእግሩ ዞሯል፤ ከመንጌ ወዲያ ካሉ ሽማግሌዎች ተረቱንም ቃሉንም እየለቀመ። የእጅ ጽሑፉን በካርቶን ቤቱ አስቀምጦት ምስጥ ገባበት። የአሶሳን ምስጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ካርቶኑ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ስትነኩት ወደ ውስጥ ይሰምጣል። «የመጀመሪያ አንባቢ ምስጥ ሆነ» አለኝ ያን ጊዜ፤ «እሱ ደግሞ ሳይቸግረው እስከ መጨረሻ አነበበ።» ደግነቱ ከዚያ በፊት ሁሉንም ተይበነዋል። እሱ እያነበበ፣ እኔ ከሰላምታ በላይ የበርታ ቋንቋ ስለማላውቅ ፊደል በፊደል እየመታሁ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም፤ እሱ ሲስቅ ግን የሚያስቅ ቦታ እንደደረስን አውቃለሁ። ማተሚያችን ቀለም ካለቀበት ቆይቷል፤ ቅጂ የምናስቀምጥባቸው ዲስኬቶችም ባለፈው ክረምት እርጥበት ሻግተዋል። እንግዲህ መጽሐፉ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ይደርስ ዘንድ ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት መላኪያው ጊዜ ቀርቧል። መምህር ኢድሪስ በየጧቱ ይመጣና ከበሩ ላይ «ደህና አደረ?» ይለኛል፤ እኔን ሳይሆን መጽሐፉን ነው የሚጠይቀው።

ችግሩ ሥዕሎቹ ነበሩ። መጽሐፉ በየገጹ ሥዕል አለው፤ ሥዕል ሲከፈት ኮምፒውተሩ ይደነግጥና ቀጥ ይላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሥዕል የሚያግዝ አንድ ካርድ ተገዛ፤ እሱን የሚያስገባው ምንይችል ነው። ምንይችል የቢቸና ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር የተማረ፣ በመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ እየዞረ የሚጠግን፣ ገና ጺሙ በቅጡ ያልወጣ። ያገሬ ልጅ ስለሆነ እንደ ወንድም ነበር የማየው፤ በዓል ሲሆን ከእኔ ቤት ነው የሚፈስከው። ሳጥኑን ከፍቶ በትንሽ መፍቻ ሲጎረጉር «ምን ልታደርጋት ነው?» ስለው «ዓይን ልሰጣት ነው፣ እትዬ ጽጌ» አለኝ። ዘግቶ ሲያበራው ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ሳይሆን ገና ጠቅ ሲያደርግ ፍስስ አሉ። ዝሆኑ ከነኩምቢው ወጣ። መምህር ኢድሪስ በሁለት እጁ አጨበጨበ። «ያ አላህ! ይሄ ዝሆን በፊት ግማሽ ቀን ነበር የሚመጣ!» አለ። አቶ ግዛው ምንይችልን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት። ልጁ እየሳቀ ግንባሩን ነካ አድርጎ «ራሴን እያመመኝ ነው፣ ልሂድ ጋሼ» አላቸው። ወጣ። ሰማዩ ስለጠቆረ አቶ ግዛው እንደ ልማዳቸው ገመዱን ሁሉ ነቀሉ።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ሰኩ። አሁን ሳስበው፣ ያ እጃቸው ለስንት ጊዜ የለመደውን ቀዳዳ ነው የመረጠው፤ ምንይችል ወዴት አዛውሮት እንደነበር ሲነቅሉ ልብ አላሉም። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አጠፉ፣ አበሩ። በሶምሶማ ሄደው ከሌላ ክፍል ስክሪን ተውሰው መጡ፤ እሱም ጥቁር። ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠግተው «ትተነፍሳለች፤ ግን አታይም» አሉ። መምህር ኢድሪስ ከበሩ አልገባም። «ኮምፒውተር ሞተ ወይስ ተኛ?» አለ። «ኧረ አቦ መምህር፣ ክፉ አታውራብን! ምንይችል ይምጣ፣ ያስነሳታል» አሉ አቶ ግዛው። ምንይችል ግን አልመጣም። ቤቷን ያከራየችው ሴትዮ ልጅ ልካ፣ ወባ ክፉኛ ጥሎት ሆስፒታል መግባቱን ሰማን።

ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ መምህር ኢድሪስ ብርቱካን ገዝቶ፣ ሦስታችን ልንጠይቀው ሄድን። ሆስፒታሉ በር ላይ አቶ ግዛው አቆሙን። «ስሙኝማ፤ ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። እጁ የነካው ነገር ተበላሸ ብንለው ከወባው ይልቅ ሐሳቡ ይገድለዋል። ጠየቀም አልጠየቀም፣ ኮምፒውተሯ ደህና ናት።»

«እሱ ነው የሠራ» አለ መምህር ኢድሪስ። «እንጠይቀው። ያውቃል እሱ።»

«ወይ መምህር! እናንተስ ዘንድ ለታመመ ሰው ጭንቅ ይነገራል?»

መምህር ኢድሪስ ብርቱካኑን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። «አይነገርም» አለ።

እንዲህ ነው ያደግነው። ሰው የሚጠየቀው ሊጽናና ነው። አባቱ የሞተበት ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ መርዶ አይረዳም፤ አራስ ወንድሟ ሲሞት አይነገራትም። ክፉ ልማድ ነው ለማለት ዛሬም አፌ አይታዘዝልኝም፤ ስንት ሰው አትርፏል። ምንይችል አልጋው ላይ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እኛን ሲያይ ከሁሉ በፊት የጠየቀው እሷን ነው።

«እንዴት ናት?»

«እንደ መስታወት!» አሉ አቶ ግዛው። «ዝሆኑን ብታየው ከስክሪኑ ወጥቶ ሊረግጠን ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩ ደማ። «መምህር፣ ሥዕሎቹ ይከፈታሉ?»

መምህር ኢድሪስ ወለሉን እያየ «ይከፈታል። አልሐምዱሊላህ» አለ።

«ጋሼ፣ ገመዱን ጧት ስትሰኩ ግን...»

«ምን ገመድ ነው ደሞ!» አቶ ግዛው መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉበት። «በሽተኛ ስለ ሥራ አያወራም። ሁሉም እንዳደረግከው ነው። ተኛ የኔ ልጅ፣ ተኛ።»

ዓይኑን ከደነ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ ይህን አይቻለሁ፣ ማንም አይወስድብኝም። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ኖሮ ዳግመኛ ሰው አላወቀም። እናቱ ሳትደርስ፣ አገሩ ሳይሰማ፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። መምህር ኢድሪስ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሞ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ጠበቀን፤ ከዚያም ከቀብረኛው ጋር ተቀላቅሎ ከነአቧራው ቤቴ ድረስ መጣ።

ኮምፒውተሩን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የጭነት መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ላክነው። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲበላሽ ሲጠገን ቆይቶ ተመለሰ። ሾፌሩ የአዲስ አበባ ጠጋኞቹ የነገሩትን አደረሰን፤ «ሙሉ በሙሉ አጽድተን አዲስ ፕሮግራም ጭነንበታል፣ አሁን ይበራል።» ያቺን የምንይችልን ካርድም ነቅለው በላስቲክ ጠቅልለው አብረው ልከዋታል። አቶ ግዛው በለመዱት ቀዳዳ ሰኩት፤ በራ። ሁላችንም እልል ለማለት አፋችንን ከፈትን። ከዚያ ፋይሉን ፈለግሁ። ደግሜ ፈለግሁ።

«ባዶ?» አለኝ መምህር ኢድሪስ።

«ባዶ፣ መምህር።»

አልተቆጣም። ወጥቶ ማንጎው ሥር ተቀመጠና ሥራ እስክንወጣ ከዚያ አልተነሣም። የዚያ ዓመት የመጽሐፍ ማተሚያ ጊዜ አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌሎች ሰዎች ሌላ መጽሐፍ አዘጋጁ። ዛሬ ልጆቹ በቋንቋቸው ያነባሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የኢድሪስ ሽማግሌዎች ግን እዚያ ውስጥ የሉም። አቶ ግዛውም መምህር ኢድሪስም አሁን በሕይወት የሉም። ከዚያች ፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ ሮጬ ሄጄ የምነግረው ሰው አጣሁ፤ ቢኖሩስ እነግራቸው ነበር? የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ለማን ይጠቅማል ልጄ» አሉኝ፤ «ጸልዪላቸው።» እጸልያለሁ። ሦስቱንም፣ የእስላሙንም ስም ጭምር እየጠራሁ ነው የምጸልየው፤ እሱ ፈጣሪ ያውቃል።

ባዶ መሆኑን ባወቅንበት ሰሞን የምንይችል እናት መጡ። እማማ አትጠገብ ይባላሉ። ከቢቸና አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው። መቃብሩን አይተው፣ አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲያበቁ ሆስፒታል ያስታመመችው አከራዩ ወደ ቢሯችን ይዛቸው መጣች። በበሩ ሲገቡ የለቅሶ ድምፅ አላሰሙም፤ አልቅሰው ጨርሰዋል።

«ልጀ እጁ ያረፈባትን አሳዩኝ» አሉ። «ይህች ሴት ነግራኛለች። ትኩሳቱ እያንገበገበው፣ በራችልኝ፣ የልጆቹ መጽሐፍ ሊወጣ ነው፣ እያለ ይስቅ ነበር አለችኝ። እኔ እናቱ ያንን ነው ይዠ የምኖር። እናንተ ናችሁ ያስደሰታችሁት፤ እድሜ ይስጣችሁ።»

አቶ ግዛው ዳንቴሉን አነሡና አበሩት። ስክሪኑ በራ፤ አንድ ነጭ ገጽ ከፈቱበት፣ ሌላ የሚከፈት የለም። እማማ አትጠገብ ቀረብ ብለው በመዳፋቸው ጀርባ መስታወቱን ነኩት፤ የትኩሳተኛ ግንባር እንደሚነካው።

«ውይ አካሌ» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኛ ዞሩ። «የልጆቹ መጽሐፍ የትኛው ነው?»

አቶ ግዛው ዳንቴሉን ያጣጥፉ ጀመር። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ኮቴ ሰማን። መምህር ኢድሪስ ነው። ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ካልነው ወዲህ እግሩን ያላስገባበት ክፍል ውስጥ ገባ።

«የመጽሐፍ ባለቤት እኔ ነው፣ እማማ» አለ። «ና። ቅረብ። አነብልሃለሁ።»

ወንበር ስቦላቸው አስቀመጣቸው። ራሱ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጣቱን ነጩ ገጽ ላይ፣ ከላይ በግራ በኩል አኖረ። በበርታ ቋንቋ ማንበብ ጀመረ። ጣቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አንድ መስመር ዝቅ ይላል። ጥቂት ሲያነብ ያቆምና በአማርኛ ይተርክላቸዋል።

«ዱሮ ቀርከሃ ሆዱ ሙሉ ነበር። ባዶ አልነበረም። የበጋ እሳት መጣ፤ ይሄ ሣር የሚበላ እሳት። ዥግራ እንቁላል አለው፤ መሄድ አልቻለም። ዛፍ ሁሉ ለመነ፤ 'ልጆቼን ደብቁልኝ።' ዛፍ ሁሉ 'እኔም እቃጠላለሁ' አለ። ቀርከሃ ብቻ 'ና' አለ። ሆዱን አወጣ፣ ጣለ፤ የዥግራ ልጆች ውስጥ አስገባ። ዛሬ ቀርከሃ ስትቆርጥ ባዶ ነው፤ ለዚህ ነው። እሳት አለፈ። ሁሉም ጥቁር ሆነ። ዥግራ ተመለሰ፤ ቀርከሃ ጋ ቆመ፣ ጠራ...»

ጣቱ ቆመ። እማማ አትጠገብ እስኪቀጥል ጠበቁ። እኛም ጠበቅን።  በኋላ ማንጎው ሥር ሆኖ ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶበታል። አንድ ሽማግሌ አንድ ጊዜ የነገሩት ነው፤ እሳቸውም ተቀብረዋል።

«ከዚያስ?» አሉ እማማ አትጠገብ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ልጆቿን አገኘቻቸው?»

መምህር ኢድሪስ ወደ ነጩ ገጽ ዞረ። ከዚያ ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ገፋው።

«አገኘ፣ እማማ» አለ። «ሁሉንም አገኘ። ይኸው፣ እዚህ ተጽፏል።»

እማማ አትጠገብም ጎንበስ አሉና ጣቱ ያረፈበትን ቦታ ሳሙት።